ሁለት ቀለም፣ እኩል በእኩል፦ ስለ ሚዛናዊ ንዑስ ግራፍ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ውስጥ ከማስጠናቸው ተማሪዎች ደጋግመው የሚመጡልኝን ጥያቄዎች ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ አስቀምጫቸዋለሁ።

ግራፍን ቀለም መቀባት ሲባል ምን ማለት ነው?

እዚህ ግራፍ የምንለው በክፍል ውስጥ የምንስለውን ኩርባ አይደለም። ነጥቦች አሉ፤ ነጥቦቹን ሁለት ሁለት እያደረጉ የሚያገናኙ መስመሮች አሉ፤ በቃ። እያንዳንዱ ነጥብ ከሌሎቹ ሁሉ ጋር ከተገናኘ ሙሉ ግራፍ ይባላል። መስመሮቹን በቀለም ስንለያቸው ግራፉ ቀለም ተቀባ እንላለን።

ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር ዘጠኝ ሰው ሻይ ሊጠጣ ተቀምጧል እንበል። ሦስቱ የከዚራ ልጆች ናቸው፤ ስድስቱ የመጋላ። በየሁለት ሰው መካከል አንድ መስመር አስምሩ። 36 መስመር ይወጣል። ሁለቱ ሰዎች የአንድ ሰፈር ልጆች ከሆኑ መስመሩን ቀይ ቀቡት። አንዱ ወደ ሌላው ቤት ለመሄድ በሁለቱ ሰፈሮች መካከል ያለውን የደቻቱን ወንዝ መሻገር ካለበት ደግሞ ሰማያዊ ቀቡት። ይኸው፣ ቀለም የተቀባ ሙሉ ግራፍ አገኛችሁ። እነዚህን ዘጠኝ ሰዎች አትርሷቸው፤ ደጋግመን እንመለስባቸዋለን።

«ሚዛናዊ ንዑስ ግራፍ» የሚባለውስ?

ከትልቁ ግራፍ ውስጥ የተወሰኑ ነጥቦችንና የተወሰኑ መስመሮችን ብቻ ነጥላችሁ ስታወጡ ንዑስ ግራፍ ይባላል። ከመስመሮቹ ግማሹ ቀይ ግማሹ ሰማያዊ ከሆነ ደግሞ ሚዛናዊ ነው።

ለምሳሌ ከዘጠኙ አራት ሰው ውሰዱ፤ አንዱ ከከዚራ፣ ሦስቱ ከመጋላ። በአራት ሰው መካከል 6 መስመር አለ። የከዚራው ልጅ ከሦስቱ ጋር የሚያገናኙት 3 መስመሮች ሰማያዊ ናቸው። የመጋላ ልጆች እርስ በርሳቸው ያላቸው 3 መስመር ቀይ ነው። ሦስት ለሦስት፤ ሚዛናዊ ነው።

የመስመሮቹ ቁጥር ጎዶሎ ከሆነስ?

ያኔ እኩል መክፈል ስለማይቻል የአንድ ልዩነት ይፈቀዳል። ሦስት ማዕዘን 3 መስመር አለው፤ ሁለት ለአንድ ከሆነ ሚዛናዊ እንለዋለን። ጎዶሎ ሲሆን ጉዳዩ ይላላል፤ ከሁለት ቁጥሮች አንዱን ማግኘት ብቻ ይበቃል። ከባዱ የሚሆነው ጥንዱ ነው፤ ከዚህ በኋላም በአብዛኛው ስለ ጥንዱ ነው የማወራው።

ይህ ራምሴ ከሚባለው ቲዎሪ በምን ይለያል?

ራምሴ የሚፈልገው አንድ ወጥ ቀለም ነው። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ፍራንክ ራምሴ እ.ኤ.አ. በ1930 የወጣው ሥራው የሚለው፣ ትልቅ ሙሉ ግራፍን በሁለት ቀለም እንዴትም አድርጋችሁ ብትቀቡት፣ የሆነ ቦታ ሁሉም መስመሩ አንድ ቀለም የሆነ ቡድን አይጠፋም ነው። ስድስት ሰው ባለበት ቦታ ሁሉ ወይ ሦስት የሚተዋወቁ ወይ ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች አሉ። አራት ሰው ለማግኘት 18 ሰው ያስፈልጋል። አምስት ለማግኘት የሚያስፈልገው ቁጥር ከ43 እስከ 46 ባለው ውስጥ ነው፤ ትክክለኛው የቱ እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልተቆረጠም።

የእኛ ጥያቄ ተገላቢጦሹ ነው። ወጥ ሳይሆን እኩል የተቀላቀለ ነው የምንፈልገው። እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። ትልቁ ግራፍ ራሱ ከሞላ ጎደል ቀይ ብቻ ከሆነ የተቀላቀለ ነገር ከየት ይመጣል? ስለዚህ «ከሁለቱም ቀለም በቂ መስመር ካለ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ማስገባት ግድ ይሆናል። «በቂ» ስንት ነው የሚለው ነው ሥራው ሁሉ።

«ጽንፍ» የሚለው ቃል እዚህ ምን አመጣው?

ይህ ሁሉ የሚጠናበት ዘርፍ «የጽንፍ ግራፍ ቲዎሪ» ይባላል፤ ጥያቄው ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። አንድን ነገር ሳላስገባ እስከ የት መሄድ እችላለሁ? የመጀመሪያው ምሳሌ የሒሳብ ሊቁ የማንቴል ነው፤ እ.ኤ.አ. 1907። ሦስት ማዕዘን ሳይፈጠር በ10 ነጥብ መካከል ቢበዛ ስንት መስመር ማስመር ይቻላል? መልሱ 25 ነው። አምስቱን በአንድ ወገን፣ አምስቱን በሌላ ወገን አድርጋችሁ፣ ከወገን ወደ ወገን ብቻ ታሰምራላችሁ። 26ኛውን መስመር ከጨመራችሁ፣ የትም ይሁን የት፣ መስመሮቹንም እንዴትም ብትደረድሯቸው፣ ሦስት ማዕዘን ይወጣል። ሌላው የሒሳብ ሊቅ ቱራን እ.ኤ.አ. በ1941 ከሦስት ማዕዘን ወደ ትልልቅ ሙሉ ግራፎች አሰፋው።

እኛም ጋ እንዲሁ ነው። የመረጥነው ትንሽ ግራፍ ሚዛናዊ ቅጂ (ትልቁ ውስጥ ያ ቅርጽ ግማሽ በግማሽ ተቀብቶ) ሳይፈጠር ከሁለቱ ቀለም አነስተኛው እስከ ስንት መስመር ሊደርስ ይችላል? ያ ጣሪያ የእኛ ጽንፍ ነው።

ጠቅላላው ግማሽ በግማሽ ከተቀባ ሚዛናዊ ቡድን መገኘቱ ግልጽ አይደለም እንዴ?

ይህ ከሁሉም በላይ የምወደው ጥያቄ ነው። መልሱ አይደለም ነው። ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳያችሁ።

ወደ ዘጠኙ ሰዎች እንመለስ። የከዚራ ሦስት ልጆች እርስ በርስ 3 ቀይ መስመር አላቸው፤ የመጋላ ስድስት ልጆች 15 ቀይ አላቸው። ቀዩ በድምሩ 18 ነው። ሰማያዊው 3 × 6 = 18። ከ36ቱ መስመር ልክ ግማሹ ቀይ፣ ልክ ግማሹ ሰማያዊ ነው፤ ከዚህ የበለጠ እኩልነት የለም። አሁን አምስት ሰው ያለበት ሚዛናዊ ቡድን ፈልጉልኝ። በአምስት ሰው መካከል 10 መስመር ስላለ 5 ሰማያዊ ያስፈልገናል።

አምስቱም ከመጋላ ከሆኑ ሰማያዊው 0 ነው፤ እንዲህ ያለ ቡድን 6 አለ። አንድ ከከዚራ አራት ከመጋላ ከሆነ ሰማያዊው 1 × 4 = 4 ነው፤ 45 ቡድን። ሁለት ከከዚራ ሦስት ከመጋላ ከሆነ 2 × 3 = 6፤ 60 ቡድን። ሦስት ከከዚራ ሁለት ከመጋላ ቢሆንም 6፤ 15 ቡድን። በድምሩ 126 ቡድን ነው፤ ሌላ የለም። የሰማያዊውን ድምር አስሉ፤ 180 + 360 + 90 = 630። ለ126 አካፍሉት። 5 ይመጣል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። አማካዩ ልክ 5 ነው፤ ግን ከ126ቱ ቡድን አንድም 5 ያለው የለም። አንዲት ተማሪ ይህን ስታይ ስሌቱን ከመጀመሪያው ሁለት ጊዜ ደገመችው፤ እውነትም ያስደግማል። አማካዩ 5 መሆኑ አይቀሬ ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ጥንድ እኩል 35 ቡድን ውስጥ ይገባል። ሚዛናዊ ቡድን መኖሩ ግን በዚያ አይረጋገጥም። ጉዳዩን የሚወስነው የቀለሙ መጠን ብቻ አይደለም፤ የቀለሙ አቀማመጥ ነው።

ታዲያ የትኞቹ ግራፎች ናቸው ሁልጊዜ የሚገኙት?

አንድን ትንሽ ግራፍ በሁለት ፈተና እንፈትነዋለን። ሁለቱንም በእርሳስና በወረቀት መሥራት ይቻላል። ስማቸውን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ለማስታወስ እንዲመች።

የመሻገር ፈተና፦ ነጥቦቹን በደቻቱ ወዲህና ወዲያ ስታስቀምጧቸው ልክ የመስመሮቹ ግማሽ ወንዙን እንዲሻገር ማድረግ ትችላላችሁ? የመሰብሰብ ፈተና፦ የተወሰኑ ነጥቦችን መርጣችሁ፣ በእነሱ መካከል ብቻ ያሉት መስመሮች ልክ ግማሽ እንዲሆኑ ማድረግ ትችላላችሁ? ሁለቱንም ያለፈ ግራፍ፣ ትልቁ ግራፍ በቂ ነጥብ ካለው እና ከሁለቱም ቀለም በቂ መስመር ካለ፣ ሚዛናዊ ሆኖ ሁልጊዜ ይገኛል። አንዱን እንኳ የወደቀ ግን፣ ትልቁ ግራፍ ልክ እኩል በእኩል ተቀብቶም ሊጠፋ ይችላል። ያይር ካሮ፣ አድሪያና ሀንስበርግ እና አማንዳ ሞንቴሃኖ ናቸው ይህን መለያ ያስቀመጡት። ሁለቱን ያለፈውን «ሊመጣጠን የሚችል» ብለን እንጥራው።

አምስት ነጥብ ያለው ሙሉ ግራፍ ለምን እንደወደቀ አሁን ግልጽ ነው። ሲከፈል ወይ 0፣ ወይ 4፣ ወይ 6 መስመር ብቻ ነው የሚሻገረው። 5 አይወጣውም።

ለምን ሁለት ፈተና ብቻ? ቀለም መቀቢያው መንገድ እልፍ አይደለም ወይ?

እልፍ ነው። ግን የትኛውም አቀባብ ውስጥ፣ ከሁለቱም ቀለም በቂ ካለ፣ ከሁለት ሥርዓት ያላቸው ንድፎች አንዱ ተደብቆ መገኘቱ አይቀርም። የመጀመሪያው የሁለት ወገን ንድፍ ነው፤ በየወገኑ ውስጥ አንድ ቀለም፣ ከወገን ወደ ወገን ሌላ ቀለም፣ ልክ እንደ ከዚራና መጋላ። ሁለተኛው የአንድ ማኅበር ንድፍ ነው፤ የአንድ እድር አባላት እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፣ ከዚያ ውጭ ማንም ማንንም አያውቅም።

ነገሩን ቦሎባሽ የገመተው ነበር። ከትለር እና ሞንታግ እ.ኤ.አ. በ2008 አረጋገጡት። በዚያው ዓመት ፎክስ እና ሱዳኮቭ ትልቁ ግራፍ ምን ያህል መሆን እንዳለበት በጣም የተሻለ ግምት ሰጡ። በኋላ ደግሞ የሚያስፈልገው የአናሳው ቀለም መጠን ከጠቅላላው መስመር የተወሰነ መቶኛ እንኳ መሆን እንደሌለበት ታወቀ። የነጥቡ ብዛት እያደገ ሲሄድ ድርሻው ወደ ዜሮ ቢጠጋም ይበቃል። ካሮ፣ ሀንስበርግና ሞንቴሃኖ ይህን አሳዩ፤ ዢራዎ እና ናራያናን ደግሞ መጠኑን ይበልጥ አጥብበው አስቀመጡት።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ ፈተናዎች ከየት እንደመጡ ለማየት አይቸግርም። የሁለት ወገን ንድፍ ካገኛችሁ የመሻገር ፈተናን ያለፈው ግራፋችሁን እዚያ ላይ ታስቀምጡታላችሁ። የአንድ ማኅበር ንድፍ ከሆነ ያገኛችሁት፣ የመረጣችኋቸውን ነጥቦች ማኅበሩ ውስጥ፣ የቀሩትን ውጭ ታደርጋላችሁ። በሁለቱም መንገድ ግማሽ በግማሽ ይወጣል። የትኛው ንድፍ እንደሚያጋጥማችሁ አስቀድማችሁ ስለማታውቁ ነው ሁለቱንም ማለፍ የሚያስፈልገው።

ዛፍ ሁልጊዜ ያልፋል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ዛፍ ማለት የተያያዘ፣ ግን ዞሮ ወደ ራሱ የማይመለስ ግራፍ ነው። አንዱን ነጥብ ከዚራ አስቀምጡ። ከዚያ መስመር በመስመር እየተጓዛችሁ «ይህኛው ይሻገር፣ ይህኛው አይሻገር» እያላችሁ ወስኑ። ዛፍ ውስጥ ዞሮ የሚመጣ መንገድ ስለሌለ አንዱ ውሳኔ ከሌላው ጋር አይጋጭም። የፈለጋችሁትን ያህል መስመር ማሻገር ትችላላችሁ፤ ግማሹንም ጭምር።

የመሰብሰብ ፈተናውም እንደዚሁ ቀላል ነው። ከዛፉ ጫፍ ላይ ያለ ነጥብ ቀንጥሱ። አንድ መስመር ብቻ ነው የሚቀንሰው። እየቀነጠሳችሁ ውረዱ፤ ቁጥሩ አንድ በአንድ ስለሚወርድ ግማሹን ሳይነካ ሊያልፍ አይችልም።

ቀለበትስ? ለምን ባለ 4 ሲያልፍ ባለ 6 ይወድቃል?

ለድሬ ልጅ ይህን ማስረዳት ደስ ይላል። ጠዋት ከዚራ ካለው ቤታችሁ ወጣችሁ። መጋላ ሄዳችሁ፣ ተመልሳችሁ፣ እንደገና ሄዳችሁ፣ እንዲያ ስትሉ ዋላችሁ። ማታ ቤታችሁ ከገባችሁ ደቻቱን የተሻገራችሁት ጥንድ ጊዜ ነው። ሦስት ጊዜ ተሻግሮ ያደረ ሰው መጋላ ነው ያደረው።

ቀለበት ማለት ዞሮ ወደ ቤቱ የሚመለስ መንገድ ነው። ባለ 6 ቀለበት ሚዛናዊ እንዲሆን 3 መስመር መሻገር አለበት፤ 3 ጎዶሎ ስለሆነ አይሆንም። ባለ 4 ቀለበት 2 መሻገር ነው ያለበት፤ ይሆናል። ባለ 8 አራት ይሻገራል፤ ይሆናል። ባለ 10 አምስት፤ አይሆንም። ጎዶሎ ርዝመት ያላቸው ደግሞ የአንድ ልዩነት ስለሚፈቀድላቸው ከሁለቱ ቁጥሮች ጥንዱን መርጠው ያልፋሉ። የመሰብሰብ ፈተናው ለቀለበት ችግር አይፈጥርም፤ ከቀለበቱ ላይ ተከታታይ ቁራጭ መቁረጥ ይበቃል። ስለዚህ የሚወድቁት ርዝመታቸው ለ4 ሲካፈል 2 የሚተርፋቸው ብቻ ናቸው።

ባለ 4 ነጥብ ሙሉ ግራፍ ለምን ይህን ያህል ይወራለታል?

ምክንያቱም ብቸኛ ነው። የመስመሮቻቸው ቁጥር ጥንድ ከሆነ ሙሉ ግራፎች ውስጥ ሁለቱንም ፈተና የሚያልፈው እሱ ብቻ ነው። ካሮ፣ ሀንስበርግና ሞንቴሃኖ እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን ሲያወጡ ከሥራው ርዕስ ውስጥ ስለ እሱ «ታሪክ» የሚል ቃል አስገብተውለታል፤ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቱን ላሳያችሁ። ጠቅላላ ሰው ሰ ይሁን፤ በአንድ ወገን ያሉት መ። የሚሻገሩት መስመሮች መ × (ሰ − መ) ናቸው። ይህ የጠቅላላው ግማሽ እንዲሆን ብላችሁ እኩልታውን ብታስተካክሉ (ሰ − 2መ) × (ሰ − 2መ) = ሰ ይመጣል። በሌላ አነጋገር የሁለቱ ወገን ልዩነት በራሱ ሲባዛ የጠቅላላውን ሰው ቁጥር መስጠት አለበት። ዘጠኙን ሰዎች ተመልከቱ፤ 6 − 3 = 3፣ 3 × 3 = 9። በአሥራ ስድስት ሰው 6 እና 10፤ በመቶ ሰው 45 እና 55። ስለዚህ የመሻገር ፈተናን የሚያልፉት የነጥባቸው ቁጥር 4፣ 9፣ 16፣ 25 እያለ የሚሄደው የስኩዌር ቁጥር የሆኑት ብቻ ናቸው።

የመሰብሰብ ፈተናው ሌላ ዝርዝር ይሰጣል። ከ4 ሰው 3ቱ፤ 3 መስመር ከ6። ከ21 ሰው 15ቱ፤ 105 መስመር ከ210። ከ120 ሰው 85ቱ፤ 3,570 ከ7,140። ከ697 ሰው 493ቱ። ቁጥሮቹ ወደ ስድስት እጥፍ ገደማ እየዘለሉ ያለ ማቋረጥ ይቀጥላሉ። አሁን ሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን አድርጉ። 21 ስኩዌር አይደለም። 120 አይደለም። 697ም አይደለም። ከ4 በላይ የሚጋሩት ቁጥር የለም።

21ን ለብቻው ብትሞክሩት ነገሩ በእጅ ይዳሰሳል። 105 መስመር ማሻገር ያስፈልጋል። 7 × 14 = 98፤ ያንሳል። 8 × 13 = 104፤ በአንድ ሳተ። 9 × 12 = 108፤ አለፈው።

ለአራት ሰው ሚዛናዊ ቡድን ከእያንዳንዱ ቀለም ስንት መስመር ይበቃል?

የሚገርመው በጣም ጥቂት መሆኑ ነው። የነጥቦቹ ቁጥር ቢያንስ 5 ከሆነ፣ ከእያንዳንዱ ቀለም የነጥቦቹን ቁጥር ያህል መስመር ካለ ይበቃል። የነጥቡ ቁጥር ለ4 የሚካፈል ከሆነ ብቻ አንድ ይጨመራል። መቶ ሰው ባለበት 4,950 መስመር አለ፤ ከዚያ ውስጥ 101 ቀይና ቀሪው ሰማያዊ ቢሆን እንኳ ሦስት ለሦስት የሆኑ አራት ሰዎች አይጠፉም።

ያ አንድ ጭማሪ ለምን እንዳስፈለገ ለማየት ስምንት ሰው በሁለት ጠረጴዛ አራት አራት ሆኖ ዙሪያውን ተቀምጧል በሉ። እያንዳንዱ ከግራና ከቀኙ ጋር ብቻ ተጨባበጠ። የተጨባበጡትን ቀይ ቀቡ፤ 8 መስመር ነው። ሌላው 20 ሰማያዊ። አሁን አራት ሰው ምረጡ። አራቱም ከአንድ ጠረጴዛ ከሆኑ ቀዩ 4 ነው። ሦስት ከአንዱ፣ አንድ ከሌላው ከሆነ ቀዩ 2 ነው። ሁለት ሁለት ከሆነ ቢበዛ 2። 3 ፈጽሞ አይመጣም። በ8 መስመር ማምለጥ ተቻለ። በ9 ግን አይቻልም፤ ቀዮቹን የትም ብታደርጓቸው።

አንድ ሰው እየቀየርኩ ብሄድ ከቀይ ወደ ሰማያዊ ስሸጋገር መሀል ላይ ሚዛናዊ አላገኝም?

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ብዙ ማረጋገጫዎችም በዚህ መንገድ ነው የሚሄዱት። ቀይ የበዛበት ቅጂ አለኝ፤ ሰማያዊ የበዛበት ቅጂም አለኝ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በትንንሽ እርምጃ እሄዳለሁ። በእያንዳንዱ እርምጃ የቀዩ ቁጥር ከአንድ በላይ ካልተለወጠ ግማሹን መርገጥ ግድ ነው።

ችግሩ እርምጃው ትልቅ ሲሆን ነው። ከአራት ሰው ሙሉ ቡድን አንዱን አስወጥታችሁ ሌላ ብታስገቡ ሦስት መስመር በአንድ ጊዜ ይቀየራል። ከ2 ቀይ ወደ 4 ዘላችሁ 3ን ሳትረግጡ ልታልፉ ትችላላችሁ። የጠረጴዛው ምሳሌ ላይ የሆነው ይኸው ነው።

«ዜሮ ድምር» እየተባለ የሚጻፈው ሌላ ነገር ነው?

ያው ነው፣ ሌላ ልብስ ለብሶ። ቀዩን +1፣ ሰማያዊውን −1 አድርጉት። ሚዛናዊ ማለት ድምሩ ዜሮ ማለት ይሆናል። ይህ አጻጻፍ ከሌላ አሮጌ ቤተሰብ ጋር ያገናኘናል። ኤርዶሽ፣ ጊንዝበርግ እና ዚቭ እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጡት አለ፤ ከማናቸውም አምስት ሙሉ ቁጥሮች ውስጥ ድምራቸው ለ3 የሚካፈል ሦስት ቁጥሮች አይጠፉም። የመኪና ታርጋ ላይ ያሉትን አኃዞች ወስዳችሁ ሞክሩት፤ ሁሌም ይሠራል።

በማኅበራዊ ግንኙነት ጥናት ውስጥ «ሚዛናዊ ግራፍ» የሚባለው ይህ ነው?

አይደለም፤ ይህ ብዙ ሰው ያምታታል። ፍራንክ ሃራሪ እ.ኤ.አ. በ1953 ያጠናው ወዳጅነትንና ጠላትነትን ነው፤ መስመሮቹ + ወይም − ናቸው። በእሱ ትርጉም ግራፍ ሚዛናዊ የሚሆነው በየትኛውም ቀለበት ላይ ያሉት የጠላትነት መስመሮች ጥንድ ሲሆኑ ነው። «የጠላቴ ጠላት ወዳጄ ነው» የሚባለው ዓይነት። ይህ የሚሆነው ደግሞ ሰዎቹ በሁለት ወገን ሲከፈሉ ብቻ መሆኑን አሳየ፤ ውስጥ ለውስጥ ወዳጅ፣ ከወገን ወደ ወገን ጠላት።

አስተውላችሁ ከሆነ ይህ የእኛው የከዚራና የመጋላ ንድፍ ነው። ሃራሪ «ሚዛናዊ» ያለው አቀባብ፣ እኛ ስድስት ያለው ሚዛናዊ ቀለበት እንዳናገኝ የሚያደርገን አቀባብ ነው። ቃሉ አንድ፣ ጉዳዩ ለየቅል። ስታነቡ ደራሲው የትኛውን ማለቱ እንደሆነ መጀመሪያ አጣሩ።

ሦስት ቀለም ቢሆንስ?

መንገዱ አንድ ነው፤ ሥራው ይበዛል። ነጥቦቹ ወደ ጥቂት ወገኖች ተከፍለው፣ በየወገኑ ውስጥ አንድ ቀለም፣ በየሁለት ወገን መካከልም አንድ ቀለም የሆነባቸው ንድፎችን እንፈልጋለን። ለሁለት ቀለም ሁለት ዓይነት በቅቶን ነበር። በሦስት ቀለም የንድፎቹ ዝርዝር ይረዝማል፤ ትንሹ ግራፍም ለእያንዳንዳቸው ፈተና መቀመጥ አለበት። ቦወን፣ ላማይሰን እና ሙዬሰር በዚህ ላይ ሠርተዋል። ለጀማሪ ግን ሁለቱን ቀለም ሳይጠግብ ወደዚያ እንዲሄድ አልመክርም።

የራሴን ግራፍ መፈተን ብፈልግ ከየት ልጀምር?

ብዙ ነጥብ ከሌለው በእጅ ሞክሩት። ለምሳሌ ኪዩብ ውሰዱ፤ 8 ጫፍ፣ 12 መስመር። ግማሹ 6 ነው። የማይገናኙ ሁለት ጫፎች ምረጡና ከዚራ አድርጓቸው፤ የቀሩት ስድስቱ መጋላ ይሁኑ። ከእያንዳንዱ ጫፍ 3 መስመር ስለሚወጣ የሚሻገሩት 3 + 3 = 6 ናቸው። የመሻገር ፈተናው አለፈ። በመጋላ የቀሩትን ስድስት ጫፎች ደግሞ ተመልከቱ፤ በመካከላቸው 12 − 6 = 6 መስመር አለ። የመሰብሰብ ፈተናውም በዚያው አለፈ።

ሐረር ለምትኖሩ ሌላ ላቅርብ። ጁገል ግንብ ከጥንት የነበሩት አምስት በሮች አሉት፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። ሁሉንም ከሁሉም ብታገናኟቸው 10 መስመር ያለው ባለ 5 ነጥብ ሙሉ ግራፍ ነው፤ እንደማያልፍ አይተናል። በግንቡ ዙሪያ ጎረቤት ከጎረቤት ብቻ ብታገናኟቸው ግን ባለ 5 ቀለበት ይሆናል። ጎዶሎ ነው፤ 2 መስመር ማሻገር ይበቃዋል፤ ያልፋል። አሁን መሀል ከተማ ላይ፣ ፈረስ መጋላ፣ አንድ ነጥብ ጨምሩና ከአምስቱም በሮች ጋር አገናኙት። 6 ነጥብ፣ 10 መስመር ሆነ። የመሻገር ፈተናውን ሞክሩት፤ 5 መስመር መሻገር አለበት። ፈረስ መጋላን ብቻ በአንድ ወገን አስቀምጡና በሮቹን ሁሉ በሌላው ወገን አድርጉ፤ ልክ 5። ለመሰብሰብ ፈተናው ደግሞ አምስቱን በሮች ብቻ ሰብስቡ፤ ቀለበቱ 5 መስመር አለው።